የደናኔ እስረኞች የሕክምና መዝገብ የት ይገኛል? እባካችሁ አግዙኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው። የአያቴ አባት ከየካቲት 12 ቀን 1929 ጭፍጨፋ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ተይዘው፣ ሞቃዲሾ አጠገብ ወደነበረው የደናኔ እስር ቤት ተወሰዱ። አልተመለሱም። "በሽታ ነው የገደላቸው" የሚል ወሬ ብቻ ደረሰ። ተዝካራቸው እንኳ የወጣው በግምት ነው። አያቴ አሁን ዕድሜዋ ገፍቷል። አባቷ የሞቱበትን ቀን ሳታውቅ እንዳታልፍብኝ ፈርቻለሁ።

መፈለግ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የጣልያን አፍሪካ ሚኒስቴር ሰነዶች ሮም፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። የግራዚያኒ ወረቀቶች ደግሞ እዚያው ሮም በማዕከላዊው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ናቸው። የቸገረኝ የሐኪም ቤቱ መዝገብ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንዳለ ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሦስቴ ጻፍኩ፤ መልስ የለም።

የአያቴ አባት ስም አጻጻፍ ራሱ ፈተና ነው። ጣልያኖች "ወልደ"ን በ"ዩ" እና በ"ኦ" ፊደላት ጀምረው ነው የሚጽፉት። እኔ ግን በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ስፈልግ ስንት ወር አቃጠልኩ! ቀኑም እንደዚያው። ከፈረንጆቹ 1937 ጎን በሮማውያን ቁጥር 15 ተጽፎ ሳይ ግራ ገባኝ፤ ለካ የፋሺስቶቹ የራሳቸው ዓመት አቆጣጠር ነው።

የደናኔን የሕሙማን መዝገብ ወይም የሟቾች ዝርዝር ያየ ካለ፣ እባካችሁ የሣጥኑን ቁጥር ብቻ ንገሩኝ። ጣልያንኛ የምትችሉ ካላችሁም ደብዳቤዬን አብራችሁኝ ብታስተካክሉልኝ ውለታችሁን አልረሳም።