ክርክር፦ የብራውንስ ስታዲየም ከክሊቭላንድ ሐይቅ ዳር ተነሥቶ ወደ ብሩክ ፓርክ መሄዱ ትክክል ነው?

የክርክሩ አቅራቢ

ወገኖች፣ በሰሜን ምሥራቅ ኦሃዮ የምንኖር ሐበሾች በዚህ ጉዳይ ላይ በየቤታችንና በየቡናው ስንነታረክ ከርመናል። እስቲ እዚህ በጽሑፍ፣ ሳንዘላለፍ እንከራከርበት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላልተከታተላችሁ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድናችን ብራውንስ ከ1999 ጀምሮ የሚጫወትበት ስታዲየም በኤሪ ሐይቅ ዳር፣ መሃል ከተማ ይገኛል። ንብረትነቱ የከተማዋ ነው። የኪራይ ውሉ የ2028 ውድድር ሲጠናቀቅ ያበቃል። የቡድኑ ባለቤት የሐስላም ቤተሰብ 2.4 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ ጣሪያ ያለው ስታዲየም ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለችው ብሩክ ፓርክ ለመሥራት ወስኗል። ከተማዋ አሮጌውን ለማደስ 461 ሚሊዮን ዶላር ብታቀርብም አልተቀበሉትም። የኦሃዮ ግዛት በ2025 በጀቱ 600 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደላቸው። የክሊቭላንድ ከንቲባ ጀስቲን ቢብ መሄዱን ለማስቆም በፍርድ ቤት ሲከራከሩ ከቆዩ በኋላ በኦክቶበር 2025 ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ ከተማዋ ክሷን ስትተው ቡድኑ በጠቅላላው 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል፤ 30 ሚሊዮኑ አሮጌውን ስታዲየም ለማፍረስ የሚውል ነው።

እኔ መሄዱን እቃወማለሁ። የመሃል ከተማ ነጋዴ ከገና በፊት ያሉትን ቅዳሜና እሑዶች የሚጠብቀው በብራውንስ ጨዋታ ምክንያት ነው። እናንተስ?

የብሩክ ፓርክ ነዋሪ

እኔ እደግፋለሁ። የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፤ ቤቴም እዚያው ነው። ስለዚህ ከጥቅም ነጻ ሆኜ እንደማልናገር ይታወቅልኝ።

ብሩክ ፓርክ ከተማ የሆነችው በፎርድ ነው። ኩባንያው በ1951 የሞተር ፋብሪካውን ሲከፍት ባዶ ሜዳው ላይ ቤት ተሠራ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ሰው በፋብሪካ ደመወዝ ልጁን አስተማረ። ከዚያ በ2010 የብረት ማቅለጫው ተዘጋ። በ2012 ሁለተኛው የሞተር ፋብሪካ ተከተለ። አንደኛው ብቻ ቀረ። 18 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ ከዚያ በኋላ በምን ግብር መንገዷን ትጠግን? ስታዲየሙ የሚሠራበት የፎርድ መሬት ለዓመታት ጦሙን ሲያድር ያየ ሰው፣ «ስታዲየሙ ከሐይቁ ለምን ተነሣ» ብሎ ሲያለቅስብን ይከፋናል። ክሊቭላንድ ብቻ አይደለችም ፋብሪካ የተዘጋባት።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ሐይቅ ዳር ላይ ያለው ስታዲየም ጣሪያ የለውም፤ ከጥቂት የብራውንስ ጨዋታዎች ውጭ አብዛኛውን ዓመት ተዘግቶ ይኖራል። በዲሴምበር ከኤሪ የሚመጣው ነፋስ ማንን ነው የሚያስደስተው? ጣሪያ ያለው ሲሆን በክረምትም ኮንሰርቱ፣ ውድድሩ፣ ስብሰባው ይመጣል።

ነባሩ ነዋሪ

ልጄ፣ ስለ ፎርድ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። እኔም በፋብሪካ ደመወዝ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ነገር ግን ስታዲየም ከከተማ ወጥቶ ሀብት ሲያመጣ በዚህ አገር አላየሁም። ያየሁት ተቃራኒውን ነው።

የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ካቫሊየርስ በ1974 ከክሊቭላንድ ወጥቶ ሪችፊልድ ገባ። ኮሊሲየም የሚባለው 20 ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ በክሊቭላንድና በአክረን መካከል ተሠራ። ባለቤቱ ኒክ ሚለቲ ነበር፤ ሐሳቡም ሁለቱ ከተሞች እየሰፉ ሄደው ይገናኛሉ፣ አዳራሹም መካከላቸው ይውላል የሚል ነበር። አልተገናኙም። አዳራሹ በእርሻና በጫካ መካከል ብቻውን ቀረ። ባቡር የለ፣ አውቶቡስ የለ። መኪና ስላልነበረኝ ጓደኛዬን ለምኜ ነበር የምሄደው። ጨዋታው አልቆ ሰው ሁሉ ሲወጣ ከፊታችን ያለው ቀጭኑ መንገድ ቁጥር 303 ነው፤ በበረዶ ላይ የቀይ መብራት ሰልፍ እንጂ መንገዱ አይታይም። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለን የጨዋታውን ትንተና በሬዲዮ ጀምረን እንጨርሳለን፤ ገና ከማቆሚያው አልወጣንም።

በ1994 ቡድኑ ወደ መሃል ከተማ ተመለሰ። አዲሱ አዳራሽ የባቡር ጣቢያ ካለበት ሕንፃ፣ ከተርሚናል ታወር ጋር በተሸፈነ መተላለፊያ ስለተያያዘ ከባቡር ወርደህ ብርድ ሳይነካህ ትገባለህ። ኮሊሲየሙን በ1999 አፈረሱት። ዛሬ ቦታው የካያሆጋ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው፤ ሣር በቅሎበታል፣ ሰው የሚሄድበት ወፍ ለማየት ነው። ከተከፈተ እስከ ተዘጋ ሃያ ዓመት። ብሩክ ፓርክ በሃያ ዓመት ውስጥ ምን እንደምትሆን አስብ።

የብሩክ ፓርክ ነዋሪ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ሪችፊልድና ብሩክ ፓርክ አይመሳሰሉም። ብሩክ ፓርክ ከመሃል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። አይ-71 እና አይ-480 የተባሉት አውራ ጎዳናዎች ያልፉባታል። አውሮፕላን ማረፊያው አጥሩ ላይ ነው። ቀዩ የባቡር መስመርም እዚያው አካባቢ ጣቢያ አለው። እርሻ መካከል አይደለንም።

የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛዋ

ወንድሜ፣ ባቡሩን ካነሣህ እኔ ልናገር፤ በየቀኑ የምሳፈርበት ነውና።

ቀዩ መስመር በ1955 ሥራ ጀመረ። በ1968 እስከ ሆፕኪንስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲዘረጋ በሰሜን አሜሪካ መሃል ከተማን ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ያገናኘ የመጀመሪያው የከተማ ባቡር ሆነ። ኒው ዮርክ ሳትሠራው፣ ቺካጎ ሳትሠራው ክሊቭላንድ ሠራችው። ይህን የሚያውቅ የከተማዋ ሰው ብዙ አይደለም፤ ቢያውቅ ኖሮ ባቡሩን እንዲህ ባልናቀው።

ጎሕ ሳይቀድ በሚነሣው ባቡር የሚሳፈሩት ሻንጣ የያዙ መንገደኞች አይደሉም። መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ጽዳት ሠራተኞች፣ የምግብ አቅራቢዎች፣ የፍተሻ ሠራተኞች ናቸው። ሁላችንም በር አጠገብ አንቀመጥም፤ በሩ ሲከፈት ብርዱ ይገባላ። በብሩክፓርክ ጣቢያ የሚወርደው ሰው ፊት ለፊቱ የሚያገኘው የመኪና ማቆሚያና ትልቅ መንገድ ነው። ከዚያ ወደ ፎርድ መሬት በእግር መሄድ ለሰው የታሰበ ነገር አይደለም። በካርታ ላይ «አጠገቡ ነው» ማለትና ከልጅህ ጋር በበረዶ መሄድ ይለያያሉ።

ሐይቅ ዳሩ ግን ሦስቱም መስመሮች፣ ቀዩ፣ ሰማያዊውና አረንጓዴው፣ ከሚገናኙበት ተርሚናል ታወር በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ከምሥራቅም ከምዕራብም የመጣ ሰው እኩል ይደርሳል። ስታዲየሙ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሄድ በምሥራቅ ክሊቭላንድ የሚኖር፣ መኪና የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ተመልካቹን ተዉት። እዚያ ሆት ዶግ የሚሸጠው፣ ወንበር የሚያጸዳው ማን ነው? በማታ ጨዋታ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በምን ይመለሳል?

የሒሳብ ባለሙያው

እኔ ገንዘቡ ላይ ላተኩር። 600 ሚሊዮኑ ከየት እንደመጣ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ግዛቱ «ባለቤቱ ያልጠየቀው ገንዘብ» ብሎ ከያዘው ሣጥን ነው። የተረሳ የባንክ ሒሳብ፣ ያልተመነዘረ የደመወዝ ቼክ፣ ቤት ስንለቅ ያልተመለሰልን የመብራት ማስያዣ። የእናንተም የእኔም ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ አድራሻ ወደ ሌላ የሚዘዋወር ስደተኛ እንዲህ ያለ ገንዘብ ጥሎ የሚሄድ የመጀመሪያው ሰው ነው። ገዥው ማይክ ዲዋይን መጀመሪያ ያቀረቡት የስፖርት ውርርድ ኩባንያዎችን ግብር ከፍ ማድረግን ነበር። ምክር ቤቱ ያንን ትቶ የተረሳውን ገንዘብ መረጠ። ይህ ውሳኔ በፍርድ ቤት ክስ ቀርቦበታል፤ ክሱም ተገቢ ነው እላለሁ።

ስታዲየሙ በሚያስገኘው ግብር ገንዘቡ ይመለሳል ይሉናል። ይህን ጉዳይ ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ግን አብዛኞቹ የሚስማሙት በተቃራኒው ነው። በስታዲየም የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛው ቤተሰቡ በሌላ ቦታ፣ በምግብ ቤት ወይም በሲኒማ ያወጣው የነበረ ነው፤ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተጨመረም። ከመሃል ከተማ ወደ ብሩክ ፓርክ ሲዛወር ደግሞ ይህ ይበልጥ እውነት ይሆናል።

የብሩክ ፓርክ ነዋሪ

ከተማዋ ያቀረበችው 461 ሚሊዮንስ የማን ገንዘብ ነበር? የሕዝብ አይደለም? ከ1990 ጀምሮ በካያሆጋ አውራጃ በሲጋራና በመጠጥ ላይ ግብር እየከፈልን ነው ስታዲየም የሠራነው፤ በ2014ም መራጩ ለሌላ ሃያ ዓመት አራዝሞታል። ለመሃል ከተማ ሲሆን የከተማ ልማት፣ ለእኛ ሲሆን ዝርፊያ፤ ይህ ሚዛን አይደለም።

የሒሳብ ባለሙያው

461ዱንም አልደገፍሁትም። ግን አንድ ልዩነት አለ፤ ያኛው ከተማዋ በራሷ ንብረት ላይ የምታወጣው ነበር።

የብራውንስ ደጋፊው

እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ከአዲስ አበባ ናቸው። እናንተ ስለ ገንዘብ ስትነጋገሩ እኔ የማስበው ኖቬምበር 6 ቀን 1995ን ነው። የዚያን ጊዜው ባለቤት አርት ሞዴል ቡድኑን ወደ ባልቲሞር እንደሚወስድ አስታወቀ። በማግስቱ መራጩ ሕዝብ ለስታዲየሙ ማደሻ የሚሆነውን የሲጋራና የመጠጥ ግብር በድምፁ አራዘመ። ሕዝቡ ቃሉን ጠበቀ፣ ቡድኑ ግን ሄደ። ስሙና ቀለሙ ለከተማዋ ቀረ፤ ሦስት ዓመት ያለ ቡድን ተቀመጥን። አሮጌው ስታዲየም ሲፈርስ ፍርስራሹ ኤሪ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ የዓሣ መጠለያ ሆነ። በ1964 ባልቲሞርን 27 ለ 0 አሸንፈን ዋንጫ የወሰድንበት ስታዲየም ነው።

ከዚያ በ1996 ኦሃዮ በሞዴል ስም የሚጠራ ሕግ አወጣች፤ በግብር ገንዘብ በተሠራ ስታዲየም የሚጫወት ቡድን እንዲሁ ተነሥቶ እንዳይሄድ። በ2025 ግን ያው ምክር ቤት ሕጉን ከግዛቱ ለሚወጡ ቡድኖች ብቻ አደረገው። ከተማዋ በክሷ የተደገፈችበት ምሰሶ ያ ነበር። እኔን ያስቆጣኝ ርቀቱ አይደለም፤ 20 ኪሎ ሜትር ለደጋፊ ምንም አይደለም። ደጋፊውን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ደጋፊው ሳይጠየቅ መለወጡ ነው። አንድም ሳናሸንፍ 16ቱንም ጨዋታ ተሸንፈን በጨረስንበት በ2017 እንኳ ብርድ ላይ ቆመን ነበር።

የብሩክ ፓርክ ነዋሪ

ስለ ባቡሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ እህቴ፣ አንቺን ለመቃወም አይደለም። በ1996 ስታዲየሙ ድረስ የሚሄድ የሐይቅ ዳር መስመር ተሠራ። ማን ተሳፈረበት? ሰው በመኪናው መጣ። በድልድይ ጥገና ምክንያት ለዓመታት ሲቆም ስንት ሰው ጮኸ? ሐይቅ ዳሩ ራሱ ከመሃል ከተማው በባቡር ሐዲድና በሾርዌይ መንገድ የተቆረጠ ነው። «ለሕዝብ ክፍት ሐይቅ» የምትሉት በስታዲየምና በመኪና ማቆሚያ የተያዘ ነበር። አሁን ቢፈርስ ከተማዋ ሐይቋን ታገኛለች።

የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛዋ

ይህ ጥሩ ነጥብ ነው። ያ መስመር ሰው ያጣው ግን በአዘቦት ቀን ነው፤ በመስመሩ ላይ ቤትም ሥራም ስላልነበረ። በ2023 ሲመለስ መጀመሪያ የተመለሰው ለብራውንስ ጨዋታ ቀን መሆኑን አትርሳ። በ2016 ካቫሊየርስ ዋንጫ አምጥቶ ከሚሊዮን በላይ ሰው መሃል ከተማ ሲወጣስ? የጣቢያው ደረጃ በሰው ተሞልቶ ነበር። ባቡር ባይኖር ያን ሁሉ መኪና የት ያቆሙታል?

ባቡር ከመሬት ሥራ ጋር አብሮ ካልታሰበ ባዶውን ይሄዳል። ይህን ክሊቭላንድ ከማንም በፊት ታውቀዋለች፤ ቫን ስዌሪንገን የተባሉት ወንድማማቾች በሼከር ሃይትስ መሬት ሲሸጡ ሐዲዱን አብረው ዘረጉ፤ የባቡር መንገዱን ለማግኘት ብለው በ1916 ኒከል ፕሌት የተባለውን የባቡር ኩባንያ ገዙ። ተርሚናል ታወር የዚያ ሥራ ውጤት ነው። እነሱ በራሳቸው ገንዘብ እና በብድር ሠሩት። ሐስላሞች ግን ሆቴሉንና መኖሪያውን ጨምረው 176 ኤከር ሲያለሙ ባቡሩን ለእኛ ሊተዉ ነው? የከተማው ትራንስፖርት ድርጅት የሚኖረው በየዕቃው ላይ በምንከፍለው አንድ በመቶ የሽያጭ ግብር ነው። ከዚያ ተቆርጦ ለስታዲየም መተላለፊያ ከተሠራ፣ የሚቀነሰው የእኔ የንጋት ባቡር ወይም የምሥራቁ አውቶቡስ ነው።

የክርክሩ አቅራቢ

እንግዲህ መሄዱ የማይቀር ከሆነ ጥያቄው ወደዚህ ይመጣል፦ ከጣቢያው እስከ ስታዲየሙ ያለውን የእግር መንገድና የማታ ባቡር ማን ይክፈል?

የሒሳብ ባለሙያው

ባለቤቶቹ። መሠረቱ ሳይሞላ በፊት በውል ይጻፍ።

የብሩክ ፓርክ ነዋሪ

በዚህ እስማማለሁ። ጎረቤቶቼም በጨዋታ ቀን መንገዳቸው እንዲዘጋ አይፈልጉም። የከተማችን ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ነዋሪ ስለሆንሁ አስተያየት መስጠት እችላለሁ። እህቴ፣ የማታውን ባቡር ሰዓትና የሠራተኛውን ጉዳይ አንቺ ጽፈሽ ስጪኝ፤ እኔ አነበዋለሁ። ስታዲየሙን ግን አሁንም እደግፋለሁ።

የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛዋ

እጽፋለሁ። እኔም አሁንም እቃወማለሁ።