ሻወር ራሴ ልገጥም ነው፣ እስቲ የሞከረ ካለ

የሽምብጡ፦
ሰላም ነው ወገን። ባህርዳር ሽምብጥ ነው ያለሁት። እስካሁን በባልዲና በጆግ ነበር የምንታጠበው፣ አሁን ግን እናቴ ከደብረታቦር ልትመጣ ነው ጉልበቷን ደግሞ ያማታል፣ ጎንበስ ቀና እንዳትል ብዬ 80 በ80 ሴንቲ ትሬይ (ከእግር ስር የሚሆነውን)፣ የመስታወት በርና ውሃውን እዛው የሚያሞቅ 5500 ዋት ሻወር ገዛሁ። ቧንቧ ሰራተኛው ለመግጠሚያ የእቃውን ግማሽ ሲጠራብኝ በቃ ራሴ እሞክራለሁ አልኩ። ቧንቧው አይከብደኝም፣ ቴፍሎን ጠምጥሞ ማጥበቅ ነው። ግራ የገባኝ፣ መብራቱን በረንዳ ካለው ሶኬት ብጎትተው ይሆናል? ሌላው ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የምንጠቀመው ከሮቶ ነው፣ ሮቶው ከሻወሩ ራስ ቢበልጥ 2 ሜትር ነው፣ ይገፋዋል ትላላችሁ?

ሽቦ በሽቦ፦
ወንድሜ ሶኬቱን እርሳው!! 5500ን ለ220 አካፍለው፣ 25 አምፒር ነው። የሶኬት መስመር በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው የሚዘረጋው፣ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ሲግል አታየውም። ከቦርዱ ለብቻው ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሳብ፣ የራሱ 32 አምፒር ብሬከር ይኑረው፣ ከረንት ሲያፈስ የሚቆርጠውን 30 ሚሊ አምፒር የሚለውንም ጨምር። ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) ከሌለህ አትግጠም፣ ከቧንቧ ጋር አስሬዋለሁ እንዳትለኝ ደግሞ፣ ቧንቧህ ፕላስቲክ ከሆነ የትም አያደርሰውም። ይሄን ክፍል ለኤሌክትሪሺያን ክፈል ሌላውን ራስህ ስራ። ቤት ውስጥ የእንጀራ ምጣድ አለ አይደል? እሱ ብቻውን 3500 ዋት ገደማ ይስባል፣ እየተጋገረ ሻወር ከተከፈተ 40 አምፒር ታልፋለህ፣ ቆጣሪህ ላይ የተጻፈውን እይ።

ዓባይ ማዶ፦
ሃሃሃ በሚያዝያ ባህርዳር ላይ ሙቅ ውሃ! ሮቶው ፀሐይ ላይ ውሎ ራሱ ሻይ ይሆን የለ እንዴ

የግንበኛው ልጅ፦
እኔ የተቃጠልኩት በትሬዩ ነው። አራቱን ማዕዘን ብቻ ስሚንቶ ላይ አስቀምጬ መሃሉን ባዶ ተውኩት፣ በውሃ ልክ ሳየው ቀጥ ብሏል ደስ አለኝ። ሰው ሲቆምበት ግን ትንሽ ይረግብ ነበር ለካ፣ ቀስ በቀስ ከግድግዳው ጋር ያለውን ሲሊኮን ላጠው፣ ውሃው በዛ ገብቶ በስድስት ወሩ የሳሎኑ ቀለም እንደ ሽንኩርት መላጥ ጀመረ፣ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ቧንቧ ፈንድቶ ነው እያልኩ ግድግዳ ሳስቆፍር። አንተ ከስሩ ሙሉውን በስሚንቶ ሙላው፣ ውሃው የሚወርድበት ሲፎን ጋ ብቻ እጅ የሚያስገባ ክፍት ተው። ከዛ ቀዳዳውን ድፈንና ውሃ ሞልተህ በእርሳስ ምልክት አድርገህ አሳድረው። ጠዋት ካልወረደ በአንዴ ልቀቀውና ሲፎኑን ዙሪያውን በሶፍት አስነካው፣ ዓይንህ ያላየውን ሶፍቱ ይነግርሃል። ሲሊኮኑን ስትቀባም ትሬዩ ውሃ እንደያዘ ይሁን፣ ክብደት ሲያርፍበት የሚከፈተው ክፍተት አስቀድሞ ይከፈትልሃል።

እህት ከቀበሌ 14፦
እናትህን ጉልበት ካመማቸው ትሬዩ ላይ መውጣቱ ራሱ ነው ችግሩ፣ ጠርዙ ስንት ሴንቲ ነው? የኔ እናት መስታወቱን ይዛ ልትወጣ ስትል ነው በሩ ከነማጠፊያው የተነቀለው፣ እግዜር አተረፋት። መያዣ ብረት ግጠምላቸው። ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፣ በአጭር ፊሸር (ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ የሚይዘው ፕላስቲክ) አይሆንም፣ ቀዳዳውን በስሚንቶ ሙላና ሲደርቅ ብሳው።

ውሃ ልክ፦
ስለ ግፊቱ፣ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ነው ስለዚህ ያንተ 2 ሜትር 0.2 ባር። እንዲህ አይነት ሻወር ውሃው ካልገፋው ማሞቂያው አይነሳም፣ ካርቶኑ ላይ ትንሹ ስንት እንደሆነ ይጻፋል። አሁን ካለው ቧንቧ በጆግ እየቀዳህ በሰዓት ለካው።

የሽምብጡ፦
ኧረ ተባረኩ። ለካሁት፣ 2 ሊትሩ ጆግ በ55 ሰከንድ ሞላ፣ ካርቶኑ ደግሞ ቢያንስ 0.3 ባር ይላል። የትሬዩ ጠርዝ 15 ሴንቲ ነው፣ እህቴ ስላልሽኝ ነው እንጂ አላሰብኩትም፣ ወደ ዝቅተኛው ይቀይሩልኝ እንደሆነ ነገ ሱቁ ሄጄ እጠይቃለሁ። ለግፊቱ ፓምፕ ልጨምር ወይስ የሮቶውን ብረት ላስረዝመው? መብራት ሲሄድ ፓምፑም አብሮ ይሄዳል ብዬ ነው።

ውሃ ልክ፦
መብራት ሲሄድ ማሞቂያውስ የት ሊቀር ነው? ሮቶው ስንት ሊትር ነው? 1000 ከሆነ ሲሞላ አንድ ቶን ነው፣ ያን ተሸክሞ የቆመን ብረት በብየዳ ቀጥዬ ላስረዝም ብለህ እንዳታስብ።

የሽምብጡ፦
500 ነው። ግን ብረቱ ዝጓል፣ ፓምፕ ይሻላል መሰለኝ።