ፕሬድኒሶሎን ከጀመርኩ 8 ወር ሆነኝ፤ ስለ አጥንቴ ሐኪሜን ምን ብዬ ልጠይቅ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን ለሚያጠቃበት በሽታ፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት በቀን 10 ሚሊግራም እወስዳለሁ። ከአልጋ ያነሳኝ እሱ ነው፣ ስሙን በክፉ አላነሳም። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን ወገቤን ይዞኛል፤ ሳስነጥስ እንኳ ያመኛል። ስለ አጥንት እስካሁን ማንም አላነሳልኝም። ሐኪሜ ጎበዝ ነው፣ ግን ይቸኩላል። እኔ ደግሞ ፊቱ ስቀርብ ጥያቄው ሁሉ ይጠፋኛል፤ ትዝ የሚለኝ ወጥቼ ደረጃው ላይ ስደርስ ነው። ሥራውን ላስተምረው የፈለግሁ እንዳይመስለው ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦ እህቴ፣ እኔም 2 ዓመት ዝም ብዬ ነበር። አንድ ቀን ሱሪዬ ረዘመብኝና ሳቅሁ። ለካ ያጠርኩት እኔ ነኝ፣ 3 ሴንቲሜትር! ራጅ ስነሳ አንዱ የአከርካሪ አጥንቴ ተደርምሷል። አልወደቅሁ፣ አልተመታሁ፣ ሕመምም አልነበረኝም። አንቺን ግን እያመመሽ ስለሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ። እግርሽ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ ደግሞ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ስትገቢ እንዲህ በይው፦ «ዶክተር፣ ፕሬድኒሶሎን 10 ሚሊግራም ከጀመርኩ 8 ወር ሆነኝ። ወገቤን ካመመኝ ሳምንት ሆነኝ። አጥንቴን ነክቶት ይሆን?» በቃ። መጠኑንና ጊዜውን ከሰማ ሌላውን ራሱ ይጨርሰዋል። ከጠፋብሽ ጽፈሽ ወረቀቱን ስጪው። እኔ ስሰጥ አፍሬ ነበር፤ ሐኪሜ ግን ደስ ብሎት አነበበው።

መልስ 2፦ ፋርማሲስት ነኝ። የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ የሚባለው የሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በቀን 2.5 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከ3 ወር ላላነሰ ጊዜ የሚወስድ አዋቂ የስብራት ስጋቱ እንዲገመገም ይመክራል። ስለዚህ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፣ እንዲያውም ዘግይቷል። መድኃኒቱ አጥንት የሚሠሩትን ሴሎች ያዳክማል፣ ካልሲየምም ከአንጀት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። አጥንት ቶሎ የሚሳሳው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ፣ ማለትም ዴክሳ፣ ያስፈልግሽ እንደሆነ ጠይቂ። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ስንት እንደምትወስጂም፣ የፕሬድኒሶሎኑ መጠን መቀነስ ይችል እንደሆነም። ከዚህ በፊት ተሰብረሽ ከሆነ ወይም እናት አባትሽ ዳሌ ተሰብረው ከሆነ ሳትጠየቂ ንገሪው።

አደራ፣ ፈርተሽ በራስሽ እንዳታቆሚው! ሰውነትሽ የራሱን ኮርቲሶል፣ ማለትም መድኃኒቱ የሚመስለውን ሆርሞን፣ ማምረት ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል።

ጠያቂዋ፦ ሄድኩ። ወረቀቱን ሳወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አነበበና ቁመቴን ለካ፤ ራጅና ዴክሳ አዘዘልኝ። የቫይታሚን ዲውን ጥያቄ ግን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌው ኖሮ ሁለታችንም አላየነውም። እንደ ልማዴ ደረጃው ላይ ትዝ አለኝ። በዚህ ጊዜ ግን ተመልሼ አንኳኳሁ።