ለፎገራ ክረምት ፕራዶን ከፍ ማድረግ፦ ጎማ ማሳደግ ወይስ ሞላ መቀየር?

የወረታ ተመላላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ ወገኖች። ነዋሪነቴ ባሕር ዳር ነው፤ ሥራዬ የሩዝ ግዢ ስለሆነ ግን ክረምት ከበጋ ወረታ ድረስ እሄድና ከአስፋልቱ ወጥቼ ወደ ፎገራ ቀበሌዎች እገባለሁ። የምነዳው ፕራዶ 120 ባለ 3.0 ሊትር ዲ-ፎርዲ ናፍጣ ሲሆን፣ የገጠመው ጎማ 265/65 አር 17 ነው። በበጋ ምንም የሚያማርር ነገር የለውም። ችግሩ የሚጀምረው ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ነው፤ ትራክተርና አይሱዙ የተመላለሱበት የዋልካ መንገድ ግራና ቀኙ በጥልቀት ይቦረቦርና መሐሉ ጉብ ብሎ ይቀራል፣ የመኪናዬ ሆድም እዚያ ጉብታ ላይ ይቀመጥና ጎማዎቹ በባዶ ይሽከረከራሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አካፋ፣ ገመድና የአካባቢው ገበሬዎች ጉልበት ነው።

አንድ ጋራዥ ሁለት ነገር በአንድነት እንዳሠራ መክሮኛል። የመጀመሪያው ከፊት በአሞርዛተሩ ራስ ላይ፣ ከኋላ ደግሞ በሞላው ላይ ስፔሰር የሚባል ማስነሻ ቁራጭ አስገብቶ መኪናውን 75 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው 285/70 አር 17 የጭቃ ጎማ መግጠም ነው። ስፔሰሩ ከሙሉ የሞላና የአሞርዛተር ለውጥ በብዙ ስለሚረክስ ሐሳቡ አጓጉቶኛል። ይሁን እንጂ ቤተሰቤን ይዤ በደጀን በኩል አዲስ አበባ ስለምመላለስ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ያሳስበኛል። ለጭቃ ብዬ የማሠራው ነገር እዚያ ፍሬኔን ወይም መሪዬን የሚያዳክምብኝ ከሆነ ጭቃውን ችዬ መኖርን እመርጣለሁ። የሠራችሁት ወይም ያሠራችሁት ካላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መካኒክ ከዓባይ ማዶ፦

ወንድሜ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ጉብታው ላይ የሚቀመጠው የትኛው የመኪናው ክፍል እንደሆነ ይለዩ። የፕራዶ 120 የፊት እግሮች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ሲሆኑ፣ የኋላው ግን ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኝ ድፍን አክስል ነው፤ ዲፈረንሻሉም፣ ማለትም ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ቋት፣ የዚሁ አክስል አካል ስለሆነ የሚወጣውም የሚወርደውም ከጎማዎቹ ጋር ነው። ስለዚህ በኋላው ሞላ ላይ የፈለጉትን ያህል ስፔሰር ቢጨምሩ የሚነሣው ቦዲው፣ ሻንሲውና የነዳጅ ታንከሩ ነው እንጂ የኋላው ዲፈረንሻል አንዲት ሚሊ ሜትር አይነሣም። እርስዎ በገለጹት ዓይነት መንገድ ላይ ደግሞ ጉብታውን ቀድሞ የሚያርሰው እሱ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲወጡ ወርደው ከሥር ይመልከቱ፤ ጭቃው ተፍቆ ብረቱ የነጣበት ቦታ ይነግርዎታል።

ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ የመጨረሻው የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የእርስዎ 265/65 አር 17 ቁመቱ ወደ 776 ሚሊ ሜትር ነው፤ 265/70 አር 17 ወደ 803 ይደርሳል፤ ጋራዡ የመከረዎት 285/70 አር 17 ደግሞ ወደ 831 ይሆናል። ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው የልዩነቱን ግማሽ ስለሆነ በመጀመሪያው ወደ 13፣ በሁለተኛው ወደ 27 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። የሁለተኛው ጥቅም እጥፍ ቢሆንም ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነው፦ መሪው እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝና እግሩ ወደ ላይ ሲገፋ ጎማው ከፓራፋንጎው የኋላ ጠርዝና ከቦዲው መያዣ ጋር ይፋተጋል፣ ፕላስቲክ መቁረጥና ብረት መቀጥቀጥም ይመጣል። የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው ወደ 107 ነው። በ265/70 ግን ስሕተቱ ከ3 በመቶ ጥቂት ቢበልጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ምንም ሳይቆረጥ ይገባል።

የዓባይ በረሃን ማንሣትዎ ተገቢ ነው። ጎማ በረዘመና በከበደ ቁጥር ያው ፍሬን የሚይዘው ኃይል ይበዛበታል፤ ማርሹም እንደረዘመ ስለሚቆጠር በሁለተኛ ማርሽ ስትወርድ ሞተሩ ይይዘው የነበረውን ያህል መኪናውን አይዘውም፣ ሹፌሩም ሳያስበው ፍሬን ላይ ይቆማል። ከደጀን ጀምሮ እስከ ድልድዩ ባለው መንገድ ይህ የፍሬን መጋል ያመጣል። ሞተርዎ ቱርቦ ያለው በመሆኑ ከድልድዩ ወዲያ ወደ ጎሐ ጽዮን ያለውን ዳገት ይወጣዋል፤ ቱርቦ በሌለው 5ኤል ሞተር ቢሆን ኖሮ ስለ 285 ጎማ ጨርሶ አንነጋገርም ነበር፤ በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ መጀመሪያም ጉልበቱ የጎደለ ነውና።

ወደ ስፔሰሩ ልመለስ። የፊቱ አሞርዛተር የታችኛውን ክንድ የሚይዘው በመካከሉ አካባቢ ስለሆነ በራሱ ላይ የሚገባ ስፔሰር ጎማው ዘንድ ሲደርስ እጥፍ ወደሚጠጋ ከፍታ ይለወጣል። 75 ሚሊ ሜትር ሲነሣ እግሩ ወደ ታች ለመዘርጋት የሚቀረው ጥቂት ነው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመታል። የፊት አክስሎቹ በሰፊ ማዕዘን ተጣጥፈው ይሽከረከራሉ፣ የመጋጠሚያቸው ላስቲክ ቶሎ ይቀደዳል፣ የዋልካ ጭቃ አንዴ ከገባበት ደግሞ መጋጠሚያው ብዙ አይቆይም። የላይኛው ክንድ ማዕዘንም ስለሚበላሽ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ የመመለስ ጠባዩን ያጣል፤ አላይመንት የሚሠራው ሰው ቡሎኑን እስከ መጨረሻ አዙሮም አያስተካክለውም። ለዚህ መኪና ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ድረስ ያለው ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሄድ ሰው የላይኛውን ክንድ በሌላ መቀየርና የፊቱን ዲፈረንሻል ዝቅ የሚያደርግ ተጨማሪ ሥራ ማሠራት ይኖርበታል። ይህን ሳይነግር 75 የሚያስገባ ጋራዥ ሥራውን በግማሽ ትቶ ገንዘቡን በሙሉ የሚቀበል ነው።

የደምቢያ ሹፌር፦

መካኒኩ ስለ ኋላው ዲፈረንሻል የጻፉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው ቁመት መጨመር ዋጋ የለውም ብለው እንዳይደመድሙ እሰጋለሁ። የፕራዶው የፊት ዲፈረንሻል የታሰረው በሻንሲው ላይ ስለሆነ ሞላው ሲነሣ አብሮ ይነሣል። ፔዳናው፣ የነዳጅ ታንከሩ፣ የካምቢዮው መከላከያ ብረትና የፊቱ ፓራውልትም እንዲሁ ናቸው። እኔ ወደ ጎርጎራና ከዚያ ወዲያ ባለው የደምቢያ ሜዳ ስሠራ የሚያስቸግረኝ ጉብታው ብቻ አይደለም፤ ከቦይ ስወጣ አፍንጫው መሬቱን ይቆፍራል። 50 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ሙሉ ሞላና አሞርዛተር ካስገባሁ ወዲህ ይህ ቀርቷል፤ ጭነት ስይዝም ኋላው አይሰምጥም። ስፔሰርን እኔም አልመክርም። ያረጀውን ሞላ እንዳረጀ ትቶ ከላዩ ቁራጭ ብረት መደረብ ነው፣ መኪናው ረዝሞ ይታያል እንጂ ጭነት የመሸከም አቅሙ አይጨምርም።

ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው በውኃ መተኛቱን ጠያቂው ከእኔ በላይ ያውቁታል። መኪናው ከፍ አለ ብሎ ወደ ጥልቅ ውኃ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሞተሩ አየር መሳቢያ ያለበት ቦታ ብዙም አልተለወጠም። በዚያ ላይ ከአስፋልት የመጣ ትኩስ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲነከር ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው በኩል ውኃ ይስባል። ዘይቱ ሲቀዳ ሻይ በወተት መስሎ ከወጣ ገብቷል ማለት ነው። የመተንፈሻውን ቱቦ አስረዝሞ ወደ ላይ ማውጣት ከዚህ ሁሉ ሥራ ርካሹ ነው፣ መጀመሪያ ቢሠራ ደስ ይለኛል።

ከጣና ዳር፦

ስለ ብረቱ ብዙ ተብሏልና እኔ ስለ ጎማው ልጻፍ፤ ለአስጎብኚ ሥራ መኪና ስለማስተዳድር ከጎሚስታ ደጅ ጠፍቼ አላውቅም።

በዋልካ ላይ የሚያዳልጠው የጎማው ቁመት ማነስ ሳይሆን የጥርሱ መደፈን ነው። ይህ አፈር ሲረጥብ ያብጥና ይጣበቃል፤ ጥርሱ ጠባብ የሆነ የአስፋልት ጎማ ከጥቂት ዙር በኋላ ለስላሳ የጭቃ ጥቅልል ይሆናል። በጥርሶቹ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ያለው ጎማ ሲሽከረከር ጭቃውን ወርውሮ ራሱን ያጸዳል። ይሁንና ጠያቂው አብዛኛውን ኪሎ ሜትር የሚነዱት በአስፋልት ላይ ስለሆነ ሙሉ የጭቃ ጎማ፣ ማለትም ኤምቲ የሚባለው፣ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ በዝናብ በራሰ አስፋልት ላይም የማቆሚያ ርቀቱ ይረዝማል። ለእርስዎ የሚስማማው ኤቲ የሚባለው መካከለኛ ጎማ ይመስለኛል። ስፋቱን አለመጨመርዎም መልካም ነው፤ ቦይ ውስጥ ሰፊ ጎማ በሁለት ጎኑ ጭቃ ይፍቃል እንጂ አይንሳፈፍም።

ንፋሱን መቀነስ ደግሞ ያለ ወጪ የሚገኝ ትልቅ እርዳታ ነው። ዋልካው ከመድረስዎ በፊት ወደ 20 ፒኤስአይ ቢያወርዱት ጎማው ረዘም ብሎ መሬቱን ይይዛል፤ ነገር ግን አስፋልት ላይ ከመመለስዎ በፊት መሙላት ግድ ስለሆነ ትንሽ ኮምፕሬሰር መኪናው ውስጥ ይኑር። በዝቅተኛ ንፋስ ወደ ድንጋያማ መንገድ መግባት የለብዎትም። በእኛ አካባቢ ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለታም ነው፣ የጎማውን ጎን ይቀደዋል፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ አይጠገንም።

ሲገዙ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ራስዎ ያንብቡ። በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ የሆነ ግን በመደርደሪያ ላይ ያረጀ ጎማ በገበያው ሞልቷል። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የመሸከም አቅሙ ነው፤ 112 ማለት አንዱ ጎማ 1120 ኪሎ ግራም ይችላል ማለት ነው፣ ከዚያ በታች አይውረዱ። ደግሞም አራት ብቻ ገዝተው ስኮርታውን እንደ ድሮው አይተዉት። ሁልጊዜ በአራቱም እግር በሚሄድ ፕራዶ ላይ ቁመቱ የተለየ አንድ ጎማ ገጥሞ ረጅም መንገድ መሄድ የመካከለኛውን ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። አምስት ይግዙ፤ የበጀቱ ትልቅ ክፍል ይህ ነው።

የወረታ ተመላላሽ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደተባልኩት ከሥር ገብቼ ተመለከትሁ፤ ተፍቆ የነጣው የኋላው ዲፈረንሻል የታችኛው ከንፈር ነው፣ በስተቀኝ ያለው የፔዳናው መያዣም ታጥፏል፣ የፊቱ ግን ንጹሕ ነው። ከዚያ ሜዳ ላይ አቁሜው ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካሁት። ምንም ሳልጭን ኋላው ከፊቱ በ3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቆሟል፤ ቀኙም ከግራው ያንሳል። ይህ ትክክለኛ አቋሙ ነው ወይስ ሞላው ደክሟል? ደግሞስ ሁሉም ነገር ቢለወጥ ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራና ለኢንሹራንሱ ችግር ይኖረው ይሆን? የጣና ዳሯ እህታችን በመከሩት መሠረት አምስት ኤቲ ጎማ በ265/70 መጠን ለመግዛት ወስኛለሁ።

መካኒክ ከዓባይ ማዶ፦

ሞላዎ ደክሟል። ጭነት የሌለው ፕራዶ ኋላው ከፊቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው መቆም ያለበት። 120 የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 ስለሆነ የፋብሪካ ሞላው እስካሁን ካልተቀየረ መድከሙ አያስገርምም፤ በተለይ ጆንያ የሚጭን ሰው ከሆነ። ስለዚህ የደምቢያው ወንድማችን ካሉት ጋር እስማማለሁ፦ ለጭነት የተሠራ፣ ከ40 ሚሊ ሜትር የማያልፍ ከፍታ ያለው ሞላ ከነአሞርዛተሩ ያስገቡ። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ መኪናው የነበረውን ቁመት መመለስ ነው እንጂ ጭማሪ አይደለም፣ ፔዳናውንም የሚያድነው እሱ ነው። ጎማውን ግን ያስቀድሙ፤ ዲፈረንሻሉን የሚያነሣው እሱ ነውና፣ ክረምቱም ደርሷል።

ለምርመራውም ለኢንሹራንሱም መልሱ ከመሥራትዎ በፊት መጠየቅ ነው። የሚገጥሙትን የጎማ መጠንና የከፍታውን ልክ በጽሑፍ አስታውቀው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ የቃል ፈቃድ አያድንም።

ሥራው ሲሠራ አጠገቡ ቆመው ጥቂት ነገሮችን ይከታተሉ። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ እግሮቹ ሲንጠለጠሉ የፍሬን ቱቦዎቹ መወጠር የለባቸውም። የኋላውን አክስል ከሻንሲው ጋር አግድም የሚያስረው ዘንግ ቁመት ሲጨመር አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፤ በዚህ ከፍታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ አያስጨንቅም፣ ግን ለክተው ይወቁት። ከኋላ በጭነት ልክ ፍሬኑን የሚመጥን ዘንግ ካለው እሱም እንደገና ይስተካከል፤ አለዚያ መኪናው ባዶ የሆነ መስሎት የኋላውን ፍሬን ያሳንሰዋል፣ ይህ ደግሞ በዓባይ በረሃ የሚፈለግ አይደለም። አላይመንትና የፊት መብራት ማስተካከል የሥራው አካል ናቸው፣ ለብቻ አይጠየቁ። ከሁሉ ይልቅ የክንዶቹ ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት ጎማዎቹ መሬት ነክተው መኪናው በራሱ ክብደት ከቆመ በኋላ መሆን አለበት፤ በክሪክ ላይ እንዳለ ከጠበቁ በክንዶቹ መጋጠሚያ ያለው ጎሚኒ ተጠምዝዞ ይያዝና በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቀደዳል። ብዙ ጋራዥ ይህን አይጠብቅምና ቆመው ያስጠብቁ።