ከ«ጤዛ» በኋላ ምን እንይ?

ጥያቄ፦ ሰላም የፊልም ወዳጆች! የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ሰሞኑን አየሁት። ግሩም ነው፤ ግን ጊዜው ወዲያና ወዲህ ሲል ተምታታብኝ። ንግግሩም አይሰማም፣ ሙዚቃው ግን ይጮኻል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ መምታታቱ ሆን ተብሎ ነው። ዋናው ገጸ ባሕሪ አንበርብር ትዝታው ተበጣጥሶበት ነው መንደሩ የሚገባው፤ ተመልካቹም ቁርጥራጩን አብሮት ይለቅማል። እግሩን ልብ በሉ፦ አንድ እግሩን አጥቶ ከታየ ከተመለሰ በኋላ ነው፣ በሁለቱም ሲራመድ ያለፈው ዘመን ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የስክሪፕት ሽልማት ማግኘቱ ሲያንሰው ነው!

መልስ 2፦ ድምፁ የፊልሙ ጥፋት ላይሆን ይችላል። በ5.1 ቅጂ (ድምፁ በስድስት ቻናል ተከፋፍሎ በተቀዳበት) ንግግሩ በአብዛኛው በመሃለኛው ቻናል ነው የሚመጣው። ቴሌቪዥኑ ሁለት ስፒከር ብቻ ካለው ይዋጣል። የድምፅ ማውጫውን ወደ ስቴሪዮ ቀይሪው፤ ጩኸቱንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ «የሌሊት» የሚል ምርጫ ካለም አብሪው። የቴሌቪዥኑን ምስል ማለስለሻ (በፍሬሞች መሃል ተጨማሪ ፍሬም የሚሰካውን ምርጫ) ደግሞ አጥፊ፣ በሰከንድ 24 ፍሬም የተሠራን ፊልም የቴሌቪዥን ድራማ ያስመስለዋል።

መልስ 3፦ ቀጥሎ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» እዩ። በ2015 እ.ኤ.አ. ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የታየ፣ የአንድ ልጅና የበጉ ታሪክ ነው። ልጁና በጓ ብቻቸውን ያሉበት ትዕይንት ሁሉ ያምራል፤ መሃሉ ግን ትንሽ ይጎተታል። በስልክ አትዩት፣ ተራራው ይባክናል።