ከረጢት በ4 ዶላር፦ ለክሪኩ ነው ወይስ ለሰውየው?

የክርክሩ መነሻ፦ የካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ከተማ በ2020 መጨረሻ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አንድ ሙከራ ጀመረች። በክሪክ (በትንሽ ወንዝ) ዳር ድንኳን ጥለው የሚኖሩ ቤት አልባ ሰዎች ዙሪያቸውን ካጸዱ ለእያንዳንዱ የሞላ ከረጢት 4 ዶላር፣ በቀን ቢበዛ ለ5 ከረጢት፣ በክፍያ ካርድ ይሰጣቸው ጀመር። ይህ ሥራ ይባላል? አዲስ አበባስ ብትቀዳው ያዋጣታል?

ሒሳብተኛው፦
እኔ አልደግፈውም። 5 ከረጢት 20 ዶላር ነው። ከደረቅ ሣር ላይ ጣሳና ፌስታል መልቀም ከሆነ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ጭቃ የጠጣ ብርድ ልብስ ከዛፍ ሥር መካከል መንቀል ከሆነ ግን ሁለት ሰዓት አይበቃውም፤ በሰዓት ከ10 ዶላር በታች መሆኑ ነው። በ2021 የሳን ሆዜ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 15.45 ነበር። ለሌላው ሰው ሕገ ወጥ የሆነ ክፍያ ለቤት አልባው ሲሆን ስሙ "ማበረታቻ" የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ጓንት ይቅደም፦
ወንድሜ፣ ከቅጥር ጋር አታወዳድረው እንጂ! ቅጥር መታወቂያ ይፈልጋል፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ሰዓት ጠብቆ መገኘት ይፈልጋል። ድንኳኑን ትቶ ግማሽ ቀን የሚሄድ ሰው ሲመለስ ዕቃውን ላያገኘው ይችላል። ከረጢቱ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይሞላል። የቀን ሥራ ማየት ከፈለግህ የአሜሪካዋን አልበከርኪ ከተማ ተመልከት፤ በ2015 ከተማው ከአንድ የበጎ አድራጎት ማዕከል ጋር ሆኖ መንገድ ላይ የሚለምኑትን በቫን እየወሰደ በሰዓት 9 ዶላር ያሠራ ነበር፣ ምሳም ነበረው። የዚያ ዓይነት ሥራ ቫን፣ ሹፌርና አለቃ ይጠይቃል፤ ቫኑ የሚይዘው ሰው ደግሞ ውስን ነው።

ከኮዮቲ ማዶ፦
ሁለታችሁም ዋናውን ዘለላችሁት። የምትከፍሉበት መለኪያ ምን እንደሚለቀም ይወስናል። በከረጢት ስትከፍሉ ሰው የሚያነሳው ሰፊና ቀላሉን ነው፦ ካርቶን፣ የምግብ መያዣ ስታይሮፎም፣ ባዶ ጠርሙስ። ክሪኩን የሚጎዳው ግን ከረጢት አይሞላም። መርፌ፣ የሊቲየም ባትሪ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ግማሽ የቀረው የፕሮፔን ሲሊንደር። ከነዚህ አንዳቸውም ከረጢት ውስጥ መግባት የለባቸውም፤ ባትሪና ሲሊንደር በቆሻሻ መኪናው መጭመቂያ ውስጥ እሳት ያስነሳሉ። ስለዚህ በጣም አደገኛውን ያነሳ ሰው ባዶ እጁን ይሄዳል ማለት ነው።

ሒሳብተኛው፦
ይጨመርበት። ከአጠገቡ የአፓርታማ ገንዳ ገልብጦ ከረጢት መሙላትም አለ።

ከኮዮቲ ማዶ፦
እሱስ መድኃኒት አለው። ቁጥር የተጻፈበት ከረጢት ጠዋት ታድላለህ፣ ቁጥሩን ከሰውየውና ከቦታው ጋር ትመዘግባለህ፣ ስትረከብ አፉን ከፍተህ ታያለህ። ጭቃና ቅጠል የሌለበት፣ የወጥ ቤት ትርፍራፊ ብቻ ከሆነ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በእጅ ግን አይነካም፣ በእግርም አይረገጥም፤ የሚወጋው ሁልጊዜ ከታች ያለው ነው።

ጓንት ይቅደም፦
ይኼንን ማንም አያስተምራቸውም። የ33 ጋሎን ወፍራም ከረጢት ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይሞላል፣ እርጥብ ከሆነ ግማሽ፤ አለዚያ ገደሉን ሲወጡ ታቹ ይቀደዳል። ሲሸከሙት ከጭን ይራቅ። መርፌ በመልቀሚያ ከመሃሉ ተይዞ፣ ጫፉ ወደ ታች፣ መሬት ላይ በተቀመጠ ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ዕቃውን ሌላ ሰው አይያዝለትም፤ ብዙ ሰው የሚወጋው እዚያ ላይ ነው። የመርፌውን ክዳን መልሶ መግጠም አይሞከርም። የተወጋ ሰው በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ወዲያው ሐኪም ጋ ይሂድ፤ የኤች አይ ቪ መከላከያው ከ72 ሰዓት በኋላ አይሰጥም። የቴታነስና የሄፓታይተስ ክትባትም ከጓንቱ እኩል ይታደል። 4 ዶላሩ ውስጥ ይኼ ሁሉ አለ?

አንቀጽ ቆጣሪ፦
ከተማው ለምን እንደሚከፍል ሳይነገር መከራከር አይቻልም። ሳን ሆዜን ጨምሮ የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ከተሞች የዝናብ ውኃ ፈቃድ አለባቸው፤ የመንገድ ዝናብ ውኃ ወደ ባሕረ ሰላጤው ለመልቀቅ የሚሰጥ፣ ግዴታ ያለበት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚወርደውን ቆሻሻ በ2014 በ40፣ በ2017 በ70 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ፤ መቶ በመቶው መጀመሪያ ለ2022 ነበር፣ በኋላ ወደ 2025 ተገፋ። ከመንገድ ቱቦ የሚወርደውን በወንፊት ትይዘዋለህ። ከድንኳን በቀጥታ ወደ ውኃ የሚገባውን ግን ወንፊት አያገኘውም። ማፈናቀልም ተሞክሯል፦ በታኅሣሥ 2014 "ጫካው" የሚባለው የኮዮቲ ክሪክ ሰፈር ሲፈርስ ወደ 300 ሰው ነበረበት። ሰዎቹ ወደ ሌላ ዳርቻ ተበተኑ፣ ቆሻሻውም ተከተላቸው። ከዚያ አንጻር 4 ዶላር ለከተማው ርካሽ ነው። ምጽዋት አትበሉት፣ አገልግሎት እየገዛ ነው።

እማማ ቅጽ፦
አገልግሎት ከሆነ ደሞዝ ብለው ይመዝግቡት፣ ልጆቼ። ኤስ ኤስ አይ (የአሜሪካ መንግሥት ለድሃ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በየወሩ የሚሰጠው ድጎማ) የሚቀበል ሰው በወር 20 ቀን ቢለቅም 400 ዶላር ነው። በሥራ የተገኘ ገቢ ከተባለ መጀመሪያ 85 ዶላር ይነሳለታል፣ ከቀሪው ግማሹ ብቻ ይታሰባል፤ ድጎማው የሚቀንሰው በ157.50 ነው። "ስጦታ" ወይም "ድጋፍ" ከተባለ ግን የሚነሳለት 20 ዶላር ብቻ ነው፣ 380 ይቆረጥበታል። ወር ሙሉ ጎንበስ ብሎ 20 ዶላር ተረፈው ማለት ነው። እንግዲህ "ስሙ ምን ለወጠ" የሚለኝ ካለ ይኸው።

ሒሳብተኛው፦
እማማ፣ እጅ ሰጠሁ። ይኼንን አላሰብኩትም ነበር።

ከቀበና ድልድይ፦
ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ ግን ቀስ በሉ። ሳን ሆዜ የፍሳሽ መስመር አላት፤ ክሪኩ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ደረቅ ቆሻሻ ነው። ቀበና፣ ግንፍሌና ባንተይቀጡ ላይ ግን የሽንት ቤት ቱቦ በቀጥታ ይለቀቃል፣ አቃቂ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ ይጨመራል፣ ሁሉም ተጠራቅሞ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። በከረጢት የሚለቀም አይደለም። ሰው አሠማርቶ ዳርቻ ማጽዳት በከተማ ሴፍቲኔት (ለድሃ የከተማ ነዋሪዎች በተዘረጋው የመንግሥት ድጋፍ) አለ፤ በእኛ አቆጣጠር በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ተጠቃሚው በአካባቢ ልማት ሥራ ላይ ይሰማራ ነበር። መግቢያው ግን የቀበሌ ነዋሪነት ነው። ድልድይ ሥር የሚያድረው ልጅ መታወቂያ ከየት ያመጣል? ከሳን ሆዜ ተቀድቶ እዚህ ቢጀመር፣ መታወቂያ ሳይጠየቅ ይሁን።

ጓንት ይቅደም፦
እሱ ላይ እስማማለሁ። ግን እዚያም ሆነ እዚህ የሞላው ከረጢት የሚነሳበት ቀን ይቆረጥ። ሁለት ሌሊት ካደረ፣ ሳን ሆዜ ከሆነ ራኩን የሚባለው አውሬ ይቀደዋል፣ አዲስ አበባ ከሆነ ውሻ። ሳን ሆዜ ላይ ከጥቅምት በኋላ ከሆነማ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከረጢቱን ከነቁጥሩ ይወስደዋል።

አንቀጽ ቆጣሪ፦
ችግሩ ደግሞ እዚያ ጋ ነው። የክሪኩ ዳርቻ ከፊሉ የከተማው፣ ከፊሉ የቫሊ ዋተር፣ የአካባቢው የውኃ ባለሥልጣን፣ ነው። ከረጢቱ በከተማው መሬት ተሞልቶ በሌላው መሬት ላይ ከተቀመጠ መኪናውን የሚልከው ማነው? ውሉ ላይ ይኼ ካልተጻፈ ስለ 4 ዶላሩ መጨቃጨቃችን ትርፉ ድካም ነው።