የምስክር ቃል ግልባጭ ጎንደር ላይ እንዴት ነው የሚወጣው?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የፍርድ ቤት ነገር የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ። አክስቴ ከጎረቤቷ ጋር የግቢ ወሰን ክርክር ነበራት፣ ወረዳ ላይ ተፈረደባት። ይግባኝ ልትል ነው። የፍርዱን ግልባጭ ሳነበው ግን ዋናው ምስክራችን በሁለት መስመር ታልፏል፤ ያውም አጥሩ የታጠረው በ2009 ነው ብሏል ይላል። እኔ እኮ ችሎቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት፤ 2007 ነው ያለው፣ የልጁን ክርስትና ሁሉ ጠቅሶ ነው የተናገረው። ጠረጴዛው ላይ መቅረጫ ነበር፣ ጎን ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች። ታዲያ የሚያዘው የቱ ነው? ፊልም ላይ እንደምናየው ቃል በቃል የሚጽፍ ሰው እኛም ጋ አለ? መዝገብ ቤት ስጠይቅ «ሙሉ ግልባጭ ከፈለጋችሁ አመልክቱ» አሉኝ። ምን ብለን?

ጥቁር ካባ፦
ወንድሜ፣ የፊልሙን እርሳው። እኛ ጋ ሕጉ ሥራውን የሰጠው ለዳኛው ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉን (1954) አንቀጽ 147 ብታይ የምስክሩን ቃል የሚመዘግበው ሰብሳቢው ዳኛ ነው፤ ካልተመቸው ሌላ ዳኛ ወይም ጸሐፊ በእሱ ትእዛዝ ይጽፋል። አጻጻፉም እንደ ወትሮው በትረካ ነው። ጥያቄና መልሱ እንዳለ የሚሰፍረው ዳኛው ያስፈልጋል ሲል ብቻ ነው። ዋና ጥያቄ (ምስክሩን ያቀረበው ወገን የሚጠይቀው)፣ መስቀለኛ ጥያቄ (ተቃራኒው ወገን የሚጠይቀው)፣ ድጋሚ ጥያቄ (ያቀረበው ወገን መልሶ የሚጠይቀው) ተብሎ ግን መለየት አለበት። የአክስትህ ጉዳይ ፍትሐ ብሔር ስለሆነ የሚገዛው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፣ አካሄዱ ግን ብዙም አይርቅም። እና ምስክሩ ስለ ክርስትናው፣ ስለ ድግሱ፣ ስለ ጠላው ሩብ ሰዓት ቢያወራ መዝገቡ ላይ «አጥሩ ሲታጠር አይቻለሁ» ብላ የምትገባው አንዲት ዓረፍተ ነገር ልትሆን ትችላለች። መቅረጫ ባለበት ችሎት ድምፁ ይያዝና በኋላ ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል፤ ያቺ ልጅ የምትጽፈው ደግሞ የችሎቱን ውሎ፣ ማን እንደቀረበና ምን እንደታዘዘ ሊሆን ይችላል።

ዋናው ነገር፣ አንተ ያነበብከው ፍርዱን ነው። ፍርድ ላይ የምስክር ቃል አጥሮ መምጣቱ ያለ ነው፣ ዳኛው የሚመዝነውን ያህል ነው የሚጠቅሰው። የምስክሩ ቃል ራሱ ያለው መዝገቡ ውስጥ ነው። ማመልከቻችሁ ላይ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ምስክር የተሰማበትን ቀን ጻፉና «የምስክሮች ቃልን ጨምሮ የሙሉ መዝገቡ ግልባጭ ይሰጠን» በሉ። «ግልባጭ ይሰጠን» ብቻ ካላችሁ ፍርዷን አትመው ያስረክቧችኋል።

ቀኑን ደግሞ አትርሱ። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ከፍርዱ ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። ሰው ከወንጀሉ ጋር ያምታታዋል፤ እዚያ ይግባኝ ባይነትህን በ15 ቀን ታስታውቅና ማመልከቻውን ግልባጩ ከደረሰህ በኋላ ባለው 30 ቀን ታስገባለህ። እናንተ ጋ ግልባጩ እስኪደርስ ብሎ ቁጭ ማለት የለም።

እሙ ቀበሌ፦
ጥቁር ካባ ሕጉን ልክ ነው የተናገርከው፣ መሬት ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። የእኔ መዝገብ (የት እንደሆነ አልናገርም) ድምፁ ሲገለበጥ ግማሹ «አይሰማም» ተብሎ ነጠብጣብ ተደርጎበት ነው የመጣው። ውጭ ዝናብ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ምስክሯ አሮጊት፣ መቅረጫው ዳኛው ፊት። ነገ ና፣ ማክሰኞ ና፣ ገልባጯ ፈቃድ ላይ ናት... እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። የአዘዞ ልጅ፣ ስታመለክት ገቢ ያደረግክበትን ቀን ቅጂህ ላይ አስጽፈህ አስፈርም። ሲያስረክቡህም የተሰጠበት ቀን ይጻፍበት። ቀኑ ቢያልፍና በእነሱ መዘግየት ነው ብለህ ማስፈቀጃ ብታቀርብ፣ የምታሳየው ያንን ወረቀት ነው።

ጥቁር ካባ፦
እሙ፣ ትክክል። እኔም የምጨምረው አለኝ፣ እዚህ ከተማ ሁልጊዜ ስለማየው። ምስክር በእጁ ያሳያል። «ድንበሩ ከዚህ እስከዚህ ነው»፣ «ግንቡ ይህን ያህል ገብቷል» ይላል እጁን ዘርግቶ። ችሎቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ገብቶታል። መቅረጫው ግን እጅ አያይም፤ ግልባጩ ላይ «ይህን ያህል ገብቷል» ብቻ ይቀራል፣ ይግባኝ ሰሚው ዳኛ ደግሞ ምን ያህል እንደሆነ በምን ይወቅ? ጠበቃ ካላችሁ እዚያው ተነስቶ «ምስክሩ በእጃቸው ሁለት ክንድ ያህል ማሳየታቸው ይመዝገብልኝ» ማለት አለበት። ጠበቃ ከሌለም ባለጉዳዩ ራሱ እጁን አውጥቶ በትሕትና መጠየቅ ይችላል። አብዛኛው ሰው ዳኛ ይቆጣኛል ብሎ ዝም ይላል። ዓመተ ምሕረትም እንደዚያው ነው። ሽማግሌ ሲናገር «ሰባት» ብሎ ያቆማል፣ ሁለት ሺህ ሰባት ይሁን ከሰባት ዓመት በፊት ይሁን አይለይም፣ በኋላ የሚገለብጠው ሰው ደግሞ እንደመሰለው ያደርገዋል።

የአዘዞ ልጅ፦
ኧረ እግዜር ይስጣችሁ። ሰውየው እኮ በእጁ አሳይቷል፣ አሁን ነው ያስታወስኩት። ድምፁን ራሱን በፍላሽ ብንጠይቅስ ይሰጡናል? የእኔ ስልክ እዚያ በር ላይ ነው የተዘጋው እንጂ እቀዳው ነበር።

ጥቁር ካባ፦
እንኳን አልቀዳህ! ሳይፈቀድ ችሎት ውስጥ መቅዳት መዘዝ ያመጣል፣ ችሎት መድፈር ተብሎ ሊያስቀጣህ ይችላል። ድምፁን በፍላሽ ይሰጡኛል ብለህ አትጠብቅ። የሚሻለው፣ ሙሉ ግልባጩን አንብባችሁ 2009 የሚለው እዚያም ካለ «የምስክሩ ቃል ከድምፅ ቅጂው ጋር ይመሳከርልን» ብላችሁ ለዚያው ችሎት ማመልከቻ አስገቡ፣ ይግባኙ ላይም ነጥቡን ጥቀሱት። ግልባጩ ላይ 2007 ሆኖ ፍርዱ ላይ ብቻ 2009 ከሆነ ደግሞ ሥራው ቀለለላችሁ፣ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።

አንድ ሌላ። ግልባጩ ሲሰጣችሁ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ማኅተም መኖሩን፣ መጨረሻው ላይ «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚለው፣ ቲተሩና ፊርማው መኖሩን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ እዩ። አንድ ገጽ ሳይታተምበት ቀርቶ ከከፍተኛው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የተመለሰ ሰው አውቃለሁ።

ሰሜን ኮከብ፦
ለጠበቃ የሚከፈል ከሌላችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ማራኪ ግቢ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሲቀበሏችሁ ወረቀት ስለሚፈልጉ ፍርዱን ይዛችሁ ሂዱ። የዳኝነት ክፍያ ካቃታትም በደሃ ደንብ ይግባኝ ልትል ትችላለች፣ ለእሱ ከቀበሌ ማስረጃ ያስፈልጋታል። አንድ ነገር ግን ንገረኝ፣ ፍርዱ የተሰጠው መቼ ነው?

የአዘዞ ልጅ፦
የዛሬ ሦስት ሳምንት። ነገ ጠዋት አክስቴን ይዤ መዝገብ ቤት እሄዳለሁ፣ ማመልከቻውን ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ።